ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ መንገደኛ በመካከል በአንድ ከተማ ያርፋል፤ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ግን የትም ሳያርፍ በአንድ ትንፋሽ ቦሌ ይደርሳል። መሄጃው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ሲፈጅ መመለሻው 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። መንገዱ ያው መንገድ፣ አውሮፕላኑም ብዙ ጊዜ ያው አውሮፕላን ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ይህን ጉዳይ በዚህ ገጽ ላይ ለማብራራት የተነሣነው ለጨዋታ ያህል አይደለም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያሉ ምእመናን “አውሮፕላን በግማሽ ቀን የሚደርስ ከሆነ እህሉን ለምን በአውሮፕላን አትልኩትም?” እያሉ ይጠይቁናል። በፕሮጀክት ጣቢያ ያሉ ሠራተኞች ደግሞ “ዕቃው ከዋሽንግተን ተነሥቷል ከተባለ ሳምንት ሆነው፤ ምን ያዘው?” ይላሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። የሁለቱም መልስ የሚገኘው አውሮፕላን ረጅም መንገድ ሲሄድ ምን እንደሚከፍልና ምን እንደሚጥል በማወቅ ነው።

የመንገዱ ርዝመት

ከቦሌ ዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ድረስ በምድር ሉል ላይ በአጭሩ መስመር ቢለካ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአሜሪካኖች ልማድ ወደ 7,190 ማይል መሆኑ ነው። የምድርን ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ብንል፣ ከሩቡ በለጥ ያለውን በአንድ ጉዞ መሸፈን ማለት ነው።

በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ መስመር የሚያሰምር ሰው መንገዱ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አልፎ አትላንቲክን በሰፊው ጎኑ የሚሻገር ይመስለዋል። ነገር ግን ክቡን ምድር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የዘረጋ ካርታ መስመርን ያጣምማል። ሉል የሚገኝበት ትምህርት ቤት ቅርብ የሆነላችሁ ሁሉ በክር ሞክሩት። የክሩን አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርጋችሁ ብትወጥሩት፣ ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሣና በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በቱኒዚያ ጥግና በአልጄሪያ አልፎ፣ ሜዲትራኒያንን በጠባቡ ተሻግሮ ስፔንና ፖርቱጋል ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ አትላንቲክን አቋርጦ ከካናዳ የባሕር ጠረፍ በስተ ደቡብ በማለፍ ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህን በክር ሲያዩ ከአዋቂው ይልቅ ቶሎ ይገባቸዋል።

እርግጥ አብራሪው ይህን ክር እንዳለ አይከተልም። የአየር ክልላቸውን የዘጉ ወይም አደጋ ያለባቸው አገሮች አሉ፤ በአትላንቲክ ላይም በየዕለቱ እንደ ነፋሱ የሚወሰኑ የበረራ መስመሮች አሉ። ስለዚህ በእውነት የሚበረረው ርቀት ከክሩ ሁልጊዜ ጥቂት ይረዝማል።

ወደ ዋሽንግተን በሚደረገው በረራ ማረፊያ የሚሆነው ከተማ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ሆነው ያውቃሉ። ከእነዚህ መካከል ደብሊንን እንውሰድ። ከቦሌ እስከ ደብሊን 6,370 ኪሎ ሜትር፣ ከደብሊን እስከ ደለስ 5,460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲደመር 11,830 ይሆናል። እንግዲህ አየርላንድ ድረስ ወጥቶ መዞር በመንገዱ ላይ የሚጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለአውሮፕላን የ18 ደቂቃ መንገድ መሆኑ ነው። በሎሜ በኩል ከሆነ ግን ወደ 12,750 ይደርሳል። ስለዚህ ሰዓቱን የሚበላው ዙሩ አይደለም። አውሮፕላኑ የሚወርድበት፣ ነዳጅ የሚቀዳበት፣ ሠራተኛ የሚለወጥበትና እንደገና የሚነሣበት ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ ተሳፋሪው ከመቀመጫው ሳይወርድ ይጠብቃል።

ቦሌ ለምን ያስቸግራል?

የዛሬ አውሮፕላኖች 11,560 ኪሎ ሜትር አያቅታቸውም። ከዚያ የሚበልጥ መንገድ ሳያርፉ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ችግሩ ያለው በመንገዱ ሳይሆን በመነሻው ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ደለስ ከ100 ሜትር በታች ነው። ተራራ ወጥቶ የሚያውቅ ሁሉ ከፍታ ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥር ያውቃል፤ አየሩ ስለሳሳ ነው። በቦሌ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አውሮፕላን ደግሞ ሁለት ጊዜ የአየር ዕዳ አለበት። ክንፉ የሚያነሣው አየር በላዩና በሥሩ ሲያልፍ ነው፤ ሞተሩም ነዳጁን የሚያነደው አየር እየሳበ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ በቂ የሚደገፍበት አያገኝም፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል።

የሳሳው አየር ያንኑ ክብደት እንዲያነሣ ከተፈለገ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ በቦሌ ከፍታ ከመቶ 12 እጅ ያህል ይበልጥ። ያንን ፍጥነት ለማግኘት ደካማ በሆነ ሞተር ረጅም መንደርደር ያስፈልጋል። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ሲሆን የደለስ ረጃጅሞቹ 3,500 ሜትር ያህል ናቸው። ቦሌ ረጅም መንደርደሪያ እያለው እንኳ አይበቃውም። ጎማዎቹም ቢሆኑ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ መሬት ላይ እንዲሽከረከሩ አይፈቀድላቸውም። አንድ ሞተር በመንደርደር ላይ ሳለ ቢጠፋ በቀረው ሞተር መነሣት ወይም በጊዜው መቆም መቻል አለበት፤ ይህ ሕግ ነው፣ ምሕረትም የለውም።

ስለዚህ የሚቀረው መፍትሔ አንድ ነው፤ ክብደት መቀነስ። ለምሳሌ ያህል የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚጠቀምበት ቦይንግ 787-8 ሲነሣ ከሁሉ በላይ ሊመዝን የሚችለው 228 ቶን ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ጋኖቹ ቢሞሉ 100 ቶን ያህሉ ነዳጅ ነው። ይህ ልክ ግን የተሰላው በባሕር ጠረፍ ላሉ ማረፊያዎች ነው፤ ቦሌ ላይ ያን ያህል ተሸክሞ መነሣት አይቻልም። ከሰው፣ ከሻንጣ፣ ከጭነትና ከነዳጅ አንዱ መቅረት አለበት። ሰውና ሻንጣ ቲኬት ከፍሏል። ስለዚህ ነዳጁ ይቀንስና ቀሪው በመንገድ ይቀዳል። በደብሊን ማረፍ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎቹ ረጃጅም በረራዎች ከቦሌ በምሽትና በሌሊት መነሣታቸውም በዚህ ረገድ ይጠቅማል፤ ሲመሽ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ትንሽ ይጠጥራል፣ ትንሽም ተጨማሪ ክብደት ያነሣል።

ከደለስ የሚነሣው ግን ጠጣር አየር አለው። ጋኑን ሞልቶ፣ ሰውና ጭነቱን አሳፍሮ ይነሣል። ቦሌ ሲደርስ ነዳጁ ስላለቀ ቀሏል፤ ቀሎ ከፍታ ላይ ማረፍ ደግሞ ከብዶ ከከፍታ ከመነሣት ይቀላል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1984) የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በርሮ አዲስ አበባ ገባ። በጊዜው ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን ያን ያህል ርቆ በርሮ ስለማያውቅ በዓለም የርቀት ክብረ ወሰን ሆነ። የበረረው በየትኛው አቅጣጫ እንደ ሆነ ልብ በሉ፤ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ነው። በዚያው ዓመት አገሪቱ ወደ ምን እያመራች እንደ ነበር የምናስታውስ ሁላችን እናውቃለን፤ ወደ እርሱ ከዚህ በታች እንመለሳለን።

አሁን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ አጠገብ ሌላ ትልቅ የአውሮፕላን ማረፊያ እንዲሠራ መታቀዱ ከቦታ ጥበት በተጨማሪ ከዚሁ ከከፍታ ጉዳይ ጋር ይያያዛል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ናት። የ400 ሜትር ልዩነት በእግር ለሚሄድ ትንሽ ዳገት ነው፤ ለከባድ አውሮፕላን ግን ብዙ ቶን ነው።

የነፋስ ወንዝ

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ ከመሬት 9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። እንደ ወንዝ መፍሰሻ አለው፤ አንዳንዴ ወደ ሰሜን፣ አንዳንዴ ወደ ደቡብ ይጣመማል። በሰዓት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር መንፈሱ የተለመደ ሲሆን በፈረንጆች ክረምት ከዚያም ይበልጣል። አውሮፕላኖች የሚበሩትም በዚሁ ከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ከዚሁ ከደለስ ወደ ለንደን ይበር የነበረ የመንገደኛ አውሮፕላን በዚህ ነፋስ ተገፍቶ ከመሬት ሲለካ በሰዓት 1,290 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል። ሞተሩ ከወትሮው የተለየ ሥራ አልሠራም፤ ወንዙ ነው የወሰደው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በመላው መንገድ በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ከኋላው ቢገፋው ከመሬት ሲለካ 960 ይሆናል፤ 11,560 ኪሎ ሜትሩን በ12 ሰዓት ይጨርሳል። ያው ነፋስ ከፊት ቢገጥመው ወደ 840 ይወርድና 13 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጅበታል። በአንድ መንገድ ላይ ብቻ የአንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ልዩነት መሆኑ ነው። ይህን ያህል አውሮፕላን በአማካይ በየሰዓቱ 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ስለሚያቃጥል ልዩነቱ 8 ቶን የሚሆን ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል። እንግዲህ ከቦሌ የሚነሣው አውሮፕላን ብዙ ነዳጅ የሚያስፈልገው ብዙ ነዳጅ ማንሣት በማይችልበት ስፍራ ሆኖ ነው። ከፍታውና ነፋሱ አንድ ላይ ተባብረውበታል ማለት ይቻላል።

የክብደት ዋጋ

አሁን ወደ ምእመናን ጥያቄ እንመጣለን።

ረጅም መንገድ የሚሄድ አውሮፕላን ጭነቱን ለመሸከም ነዳጅ ይይዛል፤ ያን ነዳጅ ለመሸከም ደግሞ ሌላ ነዳጅ ይይዛል። የሙያው ሰዎች በግርድፍ ሒሳብ፣ የተጨመረ ክብደት በየሰዓቱ ከራሱ ከመቶ ከ3 እስከ 4 እጅ የሚሆን ነዳጅ ያስበላል ይላሉ። በዚህ ሒሳብ አንድ ቶን ጭነት ለ13 ሰዓት ሲጓዝ 400 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ነዳጅ ይጠፋበታል። ቶኑ መድኃኒት ከሆነ አያስቆጭም። በቆሎ ወይም ስንዴ ከሆነ ግን ለመንገዱ የሚከፈለው ለእህሉ ከተከፈለው ይበልጥና የሰጪውን ገንዘብ ነዳጅ ይበላዋል።

በቁጥር እንየው። የእርዳታ እህል በሚታደልበት ጊዜ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ የሚለው ልክ በአገራችን የታወቀ ነው። ትልቁ የጭነት አውሮፕላን ቦይንግ 777 ወደ 100 ቶን ይይዛል፤ ይህ 6,600 ለሚሆኑ ሰዎች የአንድ ወር ምግብ ነው። 30,000 ቶን የጫነ አንድ መርከብ ጂቡቲ ቢደርስ ግን ለ2 ሚሊዮን ሰው የአንድ ወር ምግብ አመጣ ማለት ነው። መርከቡ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባም ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚሆን የመኪና መንገድ ይቀራል። ሆኖም የመርከቡን ጭነት በአውሮፕላን ለማምጣት 300 ጊዜ መመላለስ ያስፈልግ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ አውሮፕላኖች እህል ሲያመላልሱ ያዩ ወገኖቻችን “ያኔስ?” ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ከኖቬምበር 1984 እስከ ዲሴምበር 1985 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እህል አመላልሰዋል፤ ማረፍ በማይቻልበት ስፍራም ከአየር ጥለዋል። የጀርመንና የሌሎች አገሮች አውሮፕላኖችም ነበሩ። ነገር ግን እነዚያ አውሮፕላኖች እህሉን ከአውሮፓና ከአሜሪካ አላመጡትም። አብዛኛው እህል ባሕሩን የተሻገረው በመርከብ ነው። አውሮፕላኑ ያገለገለው በአገር ውስጥ፣ መኪና በማይደርስበትና መንገድ በተዘጋበት በመጨረሻው አጭር ክፍል ነበር። አንድ ሄርኩለስ 20 ቶን ገደማ ቢይዝ ነው። አጭር መንገድ ስለሆነ ግን ብዙ ነዳጅ መያዝ አያስፈልገውም፤ በቀን ደጋግሞ ይመላለሳል። አውሮፕላን ለእህል የሚበጀው እንዲህ ባለ ጊዜና እንዲህ ባለ ርቀት ነው። እኛም ከዚያ ውጭ ለእህል የአውሮፕላን ኪራይ መክፈልን አንመክርም፤ ሰጪው ቢፈቅድም እንኳ።

መድኃኒት ሌላ ነገር ነው። ክትባትና ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለባቸው። ቀላል ናቸው፣ ውድ ናቸው፣ ጊዜ አይሰጡም። ለነዚህ 13 ሰዓት ዋጋው የሚገባ ነው። አዲስ የተገዙ አውሮፕላኖች ከአሜሪካ ፋብሪካ ሲመጡ የጭነት ክፍላቸው ባዶ ስለሚሆን፣ አየር መንገዳችን ከአምራቹ ጋር ተስማምቶ ለሆስፒታሎች የሚሆን የሕክምና መሣሪያና መድኃኒት ጭኖበት የመጣበት ጊዜ አለ። አውሮፕላኑ የግድ የሚመጣ በመሆኑ ይህን የመሰለ ጥሩ አጋጣሚ የለም።

ከአሜሪካ በሚላክ ጭነት አንድ ጥቅም አለን፤ ከባዱ ጭነት የሚነሣው ከዝቅተኛው ማረፊያ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በሚላክ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለምርመራ የሚሄድ የላቦራቶሪ ናሙና ሲኖር፣ ነገሩ ይገለበጣል። ከቦሌ በሚነሣው አውሮፕላን ላይ የክብደት ልክ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀረው ጭነት ነው፤ ለነገ ይተላለፋል። ስለዚህ ናሙና የምትልኩ ሠራተኞች በረዶውን ለአንድ ቀን ሳይሆን ለሦስት ቀን የሚበቃ አድርጋችሁ አሽጉ።

ሰዓትና ቀን

ብዙ ሰው መንገድ ላይ የሚሳሳተው በርቀት ሳይሆን በሰዓት አቆጣጠር ነው።

አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በፈረንጆች በጋ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ትቀድማለች። እነርሱ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ወደ ፊት ይገፉና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይመልሱታል፤ እኛ አንነካውም። ማክሰኞ ምሽት በ4 ሰዓት ከሩብ ከቦሌ የተነሣ ሰው 17 ሰዓት ተጉዞ ደለስ ሲደርስ በአዲስ አበባ ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ ነው። በዚያ በበጋቸው ገና የረቡዕ ጥዋት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ከሩብ፣ በእነርሱ 8 ሰዓት ከሩብ። ሌሊቱ የረዘመበት መስሎት ይወርዳል። ሲመለስ ደግሞ ረቡዕ ከረፋዱ በ5 ሰዓት (በእነርሱ 11 ሰዓት) ተነሥቶ 13 ሰዓት ቢበር ሐሙስ ጥዋት በ1 ሰዓት ቦሌ ነው፤ ሌሊቱ አጥሮበታል፣ እንቅልፉም ከእርሱ ጋር።

የቲኬት ሰዓት የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከ0 እስከ 24 ነው። 22:15 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ነው። እዚህ ላይ አደገኛው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ያለው ነው። በእኛ ልማድ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ “ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል” ስንል ማክሰኞ መሽቶ የመጣውን ሌሊት ማለታችን ነው። ቲኬቱ ግን ለዚያ ሰዓት “ረቡዕ 00:30” ይላል። ረቡዕ የሚለውን አንብቦ ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ወደ አንድ ቀን ሆኖታል። ሽማግሌ አባትና እናት የምትሸኙ ሁሉ፣ እባካችሁ ቲኬቱን በቀኑ ስም ብቻ ሳይሆን “ከየትኛው ምሽት ቀጥሎ” ብላችሁ ንገሯቸው።

የስም ነገርም አለ። የዋሽንግተኑ ደለስ በእኛ አፍ ብዙ ጊዜ “ዳላስ” ይባላል። በቴክሳስ ግን እውነተኛዋ ዳላስ አለች፤ እዚያም ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፣ ትልቅ የአውሮፕላን ማረፊያም አላት። በሁለቱ መካከል ያለው ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዕቃ ላይ የምትለጥፉት ወረቀት የማረፊያውን ባለ ሦስት ፊደል ምልክት ይያዝ፤ የደለስ “አይ.ኤ.ዲ.”፣ የቴክሳሷ ዳላስ “ዲ.ኤፍ.ደብልዩ.” ነው።

የስኳር በሽታ ኖሮባቸው ኢንሱሊን የሚወጉ መንገደኞች ይህን የቀን መርዘምና ማጠር ሳይነሡ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ያ ቀናቸው 31 ወይም 32 ሰዓት ይሆናል፤ ወደ ምሥራቅ ሲመጡ 16 ወይም 17። መርፌው በየትኛው ሰዓት መወጋት እንዳለበት በግምት የሚወሰን ነገር አይደለም። መድኃኒቱም በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ከሻንጣ ጋር ከገባ ሻንጣው ሊዘገይ ይችላል። 13 ሰዓት ቁጭ ብሎ መቆየት በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ስለሚያደርግ በየጊዜው ተነሥቶ መንቀሳቀስና ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ደብሊን ላይ አውሮፕላኑ ሲቆም በመተላለፊያው ወዲያ ወዲህ ማለት ይጠቅማል።

ከቦሌ በኋላ ያለው

ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረን ይህ ነው። ከደለስ የተነሣ ካርቶን ቦሌ የሚደርሰው በ13 ሰዓት ነው። ቦሌ ከደረሰ በኋላ ግን ሰነዱ ይመረመራል፣ የጉምሩክ ሥራው ይሠራል፣ የመድኃኒት ፈቃዱ ይታያል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት ነው። ዓርብ ማታ የገባ ዕቃ እስከ ሰኞ ጥዋት ይቀመጣል። በዋሽንግተን ያሉት ወገኖች የእኛን በዓላት በቀን መቁጠሪያቸው ላይ አያገኙም፤ ጃንዋሪ 7 ለእነርሱ የሥራ ቀን ነው፣ ለእኛ ግን ገና ነው፤ ጃንዋሪ 19 ደግሞ ጥምቀት ነው። ቅዝቃዜ የሚፈልግ ዕቃ በሳምንቱ መጀመሪያ እንዲደርስ አድርጋችሁ ላኩ፤ በቀዝቃዛ መጋዘን እንዲቀመጥም በሰነዱ ላይ በግልጽ አስጽፉ። ያልተጻፈ ነገር ከተራ ጭነት ጋር ይደረደራል።

ከዚያ በኋላ የአገር ውስጥ መንገድ አለ። ጋምቤላ ከቦሌ በአየር 475 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ በመንገደኛ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ነው። በመኪና ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ከነዕቃው በደህና ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ዝናብ ካለና መንገዱ ከተበላሸ ሦስት። ከዋና ከተማው እስከ ወረዳው፣ ከወረዳው እስከ ክሊኒኩ ያለው ደግሞ በካርታ ላይ አይታይም። እንግዲህ ካርቶኑ ከአሜሪካ አዲስ አበባ 13 ሰዓት፣ ቦሌ መጋዘን ምናልባት አራት ወይም አምስት ቀን፣ ከአዲስ አበባ እስከ ክሊኒኩ ሦስት ቀን ይሆንበታል። “ከተነሣ ሳምንት ሆነው” የሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ከዚያ ሳምንት ውስጥ በሰማይ ላይ ያለፈው ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው የጥያቄ ቅጽ ላይ ዕቃው ከዋሽንግተን የሚነሣበትን ቀን አትጻፉልን። ክሊኒኩ የሚፈልግበትን ቀን ጻፉ፤ መንገዱን፣ በዓሉንና የጉምሩኩን ቀን ወደ ኋላ ቆጥረን የመነሻውን ቀን እኛ ከዚህ እናወጣለን። ቅዝቃዜ የሚያስፈልገው ከሆነ በቅጹ ራስጌ ላይ፣ ክሊኒኩ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያለው መሆኑንና በመብራት ወይም በጋዝ እንደሚሠራ ደግሞ በግርጌው ላይ ይገለጽ።